መርፌው በማን እጅ?

በዚህ ዓምድ የምናወጣቸው የታሪክ ጽሑፎች ዘወትር ስለ ጦርነት፣ ስለ መሬት ሥሪትና ስለ መንግሥታት አወዳደቅ የሚተርኩ ሆነው በመቆየታቸው፣ በዚህ እትም ስለ አንዲት መርፌ መጻፋችን አንዳንድ አንባቢያንን ሳያስገርም አይቀርም። ነገሩ የተነሣው ባለፈው ስብሰባችን ማብቂያ ላይ፣ ሻይ እየተጠጣ ሳለ ነው። ቀን እየተማረ ሌሊት በአምቡላንስ ላይ በረዳትነት የሚሠራ አንድ ጓደኛችን ስላሳለፈው ሌሊት አጫወተን። በመኪና አደጋ ብዙ ደም የፈሰሰው አንድ ወጣት ከመንገድ ዳር ተዘርግቶ አገኙ። ክንዱ ሁለት ጊዜ ተወጋ፤ ደም ሥር አልተገኘም። በዚህ ጊዜ የጓደኛችን የሥራ ባልደረባ የሆነችው ሴት ከቦርሳዋ ትንሽ መሰርሰሪያ አውጥታ፣ ከወጣቱ ጉልበት ዝቅ ብላ አጥንቱን በጥቂት ሰከንድ በስታ፣ ፈሳሹን በመቅኒው በኩል ሰደደችለት።

ጓደኛችንን ያስደነቀው መሰርሰሪያው አልነበረም። ሐኪም ያልሆነች ሴት፣ በዝናብ ውስጥ ተንበርክካ፣ በዚያ ደቂቃ ማንንም ሳታስፈቅድ የሰው አጥንት መብሳት መቻሏ ነው። «አገር ቤት ቢሆን ለዚህ ስንት ፊርማ ይጠየቅ ነበር?» አለን። ሁላችንም ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ይህች ሴት ሥልጣኗን ከወዴት አገኘችው ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልስ ጠፋ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ዝምታ ውጤት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

በቅድሚያ ችግሩን ማስረዳት ይገባል። ሰው ብዙ ደም ሲፈስሰው፣ ወይም በተቅማጥና በትውከት የሰውነቱ ውሃ ሲሟጠጥ፣ ሰውነቱ የቀረችውን ደም ለልብ፣ ለሳንባና ለአንጎል ይቆጥባል። የእጅና የእግር ደም ሥሮች ይኮማተራሉ፤ ባዶ በመሆናቸውም ግድግዳቸው እርስ በርሱ ይጣበቃል። በጤነኛ ገበሬ ክንድ ላይ ገመድ መስሎ የሚታየው ሥር በዚያ ሰዓት በጣት ቢፈለግ አይገኝም። እንግዲህ መርፌው ይበልጥ ባስፈለገ መጠን መግቢያው ይበልጥ ይሰወራል ማለት ነው። ሆስፒታል ውስጥ ቢሆን መብራት አለ፣ ጠረጴዛ አለ፣ የሚያግዝ ሌላ እጅ አለ። ከሆስፒታሉ በር በፊት ግን ያለው ጨለማ፣ ብርድ፣ የሚንገጫገጭ መኪናና የሚያለቅስ ዘመድ ነው።

መርፌው ከገባም በኋላ ውፍረቱ ትልቅ ነገር ነው። ፓሪሳዊው ሐኪም ፑዋዜይ በ1840ዎቹ ባሳተመው ጥናት እንደተረጋገጠው፣ የአንድ ቱቦ ውስጣዊ ስፋት እጥፍ ቢሆን በውስጡ የሚያልፈው ፈሳሽ እጥፍ ብቻ ሳይሆን አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል፤ ቱቦው በረዘመ ቁጥር ደግሞ ይቀንሳል። በዚህም ምክንያት በክንድ ላይ የገባች አጭርና ወፍራም መርፌ በአንገት በኩል እስከ ልብ አጠገብ ከሚዘልቅ ረጅምና ቀጭን ቱቦ የበለጠ ታጠጣለች። በአገራችን ሕዝቡ በውስጡ ያለው ምንም ይሁን ምን «ግሉኮስ» ብሎ የሚጠራው ጠርሙስ ሲሰቀል ያየ ሁሉ ጠርሙሱን ይመለከታል እንጂ ይህችን መርፌ ልብ አይላትም።

የዚህ ሥራ ታሪክ የሚጀምረው ከድሆች በሽታ ነው። በ1831 ኮሌራ እንግሊዝ አገር ገባ። ኦሾግኔሲ የሚባል የ22 ዓመት አየርላንዳዊ ሐኪም የበሽተኞችን ደም መርምሮ፣ ውሃውና ጨው ከደሙ መሟጠጣቸውን ደረሰበት፤ የጐደለውንም ወደ ደም ሥር መመለስ እንደሚቻል ጻፈ። በማግሥቱ ዓመት በግንቦት ወር በኤዲንብራ ወደብ በሊዝ የሚኖረው ሐኪም ቶማስ ላታ ሐሳቡን በተግባር ሞከረው። የመረጣት በሽተኛ ልትሞት የተቃረበች አሮጊት ነበረች፤ ሁሉ ነገር ተሞክሮ ተስፋ የተቆረጠባት በመሆኗ ቢከፋም ከዚህ አይከፋም ተብሎ ነው። በክንዷ ሥር ቱቦ አስገብቶ የጨው ውሃ ቀስ በቀስ አንቆረቆረላት። መጀመሪያ ምንም ለውጥ አልታየም። ቆይቶ ግን የጐደጐዱት ዓይኖቿ ብርሃን አገኙ፣ ጠፍቶ የነበረው የእጇ ትርታ ተመለሰ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥም ስድስት ፓይንት፣ ይኸውም ሦስት ሊትር ያህል፣ ከገባላት በኋላ ደኅና ነኝ አለች።

ላታ ግን ደክሞት ስለነበር ሴትዮዋን ለሆስፒታሉ ረዳት ሐኪም አስረክቦ ሄደ። ተቅማጡና ትውከቱ ተመለሰባት፤ ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ ሞተች። ላታ ራሱ በጻፈው ዘገባ ላይ ሕክምናው ቢደገምላት ኖሮ እንደምትድን አለመጠራጠሩን ገልጿል። እኛ ይህን ስናነብ የቆምነው በዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ ተገኝቶ ነበር፤ መንገዱም ተገኝቶ ነበር፤ የታጣው አጠገቧ ቆሞ የሚደግምላት ሰው ነው። ላታ በሚቀጥለው ዓመት በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ ዘዴውም ሞት በተቃረባቸው በሽተኞች ላይ ብቻ፣ ባልጸዳ ውሃና ባልጸዳ መሣሪያ ስለተሞከረ፣ ብዙዎቹ አለቁና ለብዙ አሥር ዓመታት ተረሳ።

ከበሽተኛው ይልቅ ሕክምናው ይጓዝ የሚለው ሐሳብ የጐለመሰው በጦር ሜዳ ነው። በ1914 ሲትሬት የተባለው ጨው ደም እንዳይረጋ እንደሚያደርግ ከታወቀ በኋላ፣ በ1917 ከእንግሊዝ ጦር ጋር የተመደበው የአሜሪካ ጦር ሐኪም ኦስዋልድ ሮበርትሰን አስቀድሞ የተቀዳ ደም በበረዶ አኑሮ ለካምብሬ ጦርነት ቁስለኞች አደረሰ። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት በባርሴሎና ዱራን ዦርዳ የሚባለው ሐኪም፣ በማድሪድ ደግሞ ከ1936 ታኅሣሥ ወር ጀምሮ ካናዳዊው ኖርማን ቤትዩን፣ ከከተማው ሕዝብ የተሰጠውን ደም በመኪና ጭነው ወደ ግንባር ወሰዱት። የቤትዩን ስም ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም፤ ነገር ግን የሚታወሰው በአብዛኛው በቻይና በ1939 በመሞቱ ነው። ከዚያ ይልቅ ሊታወስ የሚገባው፣ ቁስለኛው ደም እስኪያገኝ ድረስ በሕይወት ይቆይ ዘንድ መጠበቅ ስንፍና ነው ማለቱ ይመስለናል።

እግረ መንገዳችንን እናስታውስ፤ በስፔን ይህ ሁሉ ከመደረጉ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1935 ታኅሣሥ 30 ቀን፣ የሙሶሊኒ አውሮፕላኖች በመልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል የጦር ሜዳ ሆስፒታል ደብድበው በሽተኞችን ፈጅተዋል። በመጋቢት 1936 ደግሞ በኮረም የእንግሊዞቹ አምቡላንስ ተደበደበ። ሕክምናን ወደ ቁስለኛው የማቅረብ ታሪክ ሲጻፍ የእኛ አገር ስም የሚገባበት ቦታ ይህ ነው፤ ቀይ መስቀሉ ከአየር እየታየ ቦምብ የተጣለበት ቦታ።

አሁን ወደ አጥንቱ እንምጣ። ቅልጥም ሰብሮ መቅኒ የመጠጠ ሰው ሁሉ አጥንት ውስጡ ደረቅ እንዳልሆነ ያውቃል። በ1922 ሴሲል ድሪንከርና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የመቅኒን የደም ዝውውር አጥንተው፣ ወደ መቅኒ የገባ ፈሳሽ ወዲያው ወደ ደም እንደሚቀላቀል አሳዩ። በ1940 ገደማ በፊላዴልፊያ ቶካንቲንስና ኦኒል ይህን ወደ ሕክምና አመጡት። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የክንድ ደም ሥር ባዶ ሲሆን ይጣበቃል፣ መቅኒው ግን በአጥንት ቤት ውስጥ የተቀመጠ በመሆኑ አይጣበቅም። ሰውዬው የቱንም ያህል ደም ቢፈስሰው አጥንቱ ባለበት ይገኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጦር ሜዳ ረዳቶች የቁስለኛውን ደረት አጥንት በመርፌ እየበሱ ፈሳሽ ሰጥተዋል፤ ይህም ከ4000 ጊዜ በላይ መደረጉ ይጠቀሳል። በእንግሊዝ አገር ሃሚልተን ቤይሊ የሚባለው ቀዶ ጥገና ሐኪም የደረት አጥንት ዘዴ በድፍን ጨለማ ለሚሠራ ሰው አመቺ መሆኑን በ1944 ጽፏል፤ ከተማው በቦምብ ፍራቻ መብራት በሚያጠፋበት ዘመን ይህ ተራ ምክር አልነበረም።

ጦርነቱ ሲያበቃ ዘዴው አብሮ ጠፋ። አንደኛው ምክንያት የጦር ሜዳ ረዳቶቹ ወደየቤታቸው መመለሳቸው ነው፤ በሲቪል ኑሮ ውስጥ አምቡላንስ ላይ መርፌ የሚይዝ ሰው አልነበረምና። ሁለተኛው፣ በ1950 በሜዮ ክሊኒክ ማሳ የሚባል ወጣት ሐኪም በብረት መርፌ ላይ የፕላስቲክ ቱቦ አልብሶ፣ ብረቱ ሲወጣ ፕላስቲኩ በሥሩ ውስጥ እንዲቀር የሚያደርግ መሣሪያ መሥራቱ ነው። ዛሬ በየሆስፒታሉ የምናየው ካኑላ የዚያ ልጅ ነው። በ1952 ፈረንሳዊው ኦባኒያክ ከብብት አጥንት ሥር ያለውን ትልቅ ደም ሥር በመርፌ ማግኘትን አስተዋወቀ፤ በ1953 ስዊድናዊው ሴልዲንገር በቀጭን ሽቦ ላይ ቱቦ ማንሸራተትን ጨመረ። እነዚህ ሁሉ የሐኪም ጥበቦች ናቸው፤ መቅኒውን ማን ያስታውስ!

በዚህ መካከል ስለ አንድ ሰው ያለንን የቆየ ስሕተት ማረም ግዴታችን ሆኖ ይሰማናል። ቻርልስ ድሩ የፕላዝማን አቀማመጥና አሰባሰብ ያደራጀ ጥቁር አሜሪካዊ ሐኪም ነበር። የአሜሪካ ቀይ መስቀል በ1941 የጥቁሮችን ደም አልቀበልም አለ፤ በ1942 መቀበል ቢጀምርም ከነጮቹ ደም ለይቶ ያስቀምጥ ነበር፤ ይህም እስከ 1950 ዘለቀ። በዚያው በ1950 ሚያዝያ 1 ቀን ድሩ በሰሜን ካሮላይና በመኪና አደጋ ሞተ። በጥቁር ስደተኞችና ተማሪዎች ዘንድ፣ በእኛም ስብሰባዎች ጭምር፣ ጥቁር በመሆኑ ደም ተከልክሎ ሞተ እየተባለ ሲነገር ኖሯል። ይህ እውነት አይደለም። አብረውት በመኪናው የነበሩት ሐኪሞች፣ የነጮቹ ሆስፒታል ሐኪሞች ሊያድኑት የተቻላቸውን ሁሉ እንዳደረጉ መስክረዋል፤ ጉዳቱ ከሕክምና አቅም በላይ ነበር። ታሪኩ ለምን እንደተፈጠረና ለምን እንደታመነ ግን ማንም ሊያስረዳው አያዳግተውም፤ በዚያን ዘመን ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ ጥቁሮች ከሆስፒታል በር ተመልሰዋል። ለእውነተኛ ግፍ የሐሰት ምስክር መጥራት ግፉን ያቀልለዋልና ከእንግዲህ ባንናገረው ይሻላል።

ለጓደኛችን ጥያቄ መልሱ ያለው በፒትስበርግ ከተማ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ቦታ ረዘም አድርገን እንቆያለን።

እስከ 1960ዎቹ ማብቂያ ድረስ በአሜሪካ አምቡላንስ ማለት በአመዛኙ መጫኛ ማለት ነበር። በ1966 የአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚ ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ ከአገሪቱ የአምቡላንስ አገልግሎት ግማሽ ያህሉን የሚሰጡት ቀብር አስፈጻሚዎች ነበሩ፤ መኪናቸው ሰውን አጋድሞ ለመውሰድ ይመቻልና። በሽተኛው መንገድ ላይ ከሞተም ያው መኪና መድረሻውን ይለውጣል እየተባለ ይቀለድ ነበር። በፒትስበርግ ይህን ሥራ የያዘው ፖሊስ ነው። ሁለት ፖሊሶች ሰውዬውን ከቆመጥና ከሰካራም ጋር በሚጓዝበት መኪና ጀርባ ይጥሉታል፤ ሁለቱም ከፊት ይቀመጣሉ። ሂል ዲስትሪክት በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ደግሞ ፖሊስ ሲጠራ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይመጣ ነበር፤ አንዳንዴም አይመጣም፤ ከመጣም ለማሰር ይሁን ለማሳከም አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። በ1966 ኅዳር ወር የፔንሲልቬኒያ አገረ ገዥ የነበሩት ዴቪድ ሎውረንስ በምርጫ ስብሰባ ላይ ልባቸው ቆሞ ሲወድቁ የተወሰዱት በዚሁ ዓይነት አገልግሎት ነው፤ በኋላም ሞቱ። ድኻ ሲሞትበት የኖረው ሥርዓት ችግር መሆኑ የታወቀው ትልቅ ሰው ሲሞትበት መሆኑን ልብ ይሏል።

ፒተር ሳፋር በቪየና የተወለደ የማደንዘዣ ሐኪም ነበር፤ ትንፋሽ ለጠፋው ሰው አፍ ለአፍ መተንፈስን ካስተማሩት ግንባር ቀደሞች አንዱ ነው። በዚያው በ1966 የ11 ዓመት ሴት ልጁ በአስም ሞተችበት። በ1967 ከፊሊፕ ሃለን ጋርና በሂል ዲስትሪክት ለጥቁሮች ሥራ ለማስገኘት ከተቋቋመው ፍሪደም ሃውስ ከሚባለው ድርጅት ጋር ተስማምቶ፣ ከዚያው ሰፈር የተመለመሉ ጥቁር ወጣቶችን ማሠልጠን ጀመረ። ሥራ አጦች ነበሩ፤ ከቬትናም የተመለሱ ነበሩ፤ ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሱም ነበሩበት። ከተማው «አይቀጠሩም» ያላቸውን ሰዎች ሳፋር ወደ ሆስፒታሉ ማደንዘዣ ክፍል አስገብቶ የሰውነትን አሠራር፣ የአየር መንገድን መክፈት፣ ደም ሥር ማግኘትን አስተማራቸው። ሥልጠናው 300 ሰዓት ያህል ነበር። በ1968 በሁለት አምቡላንስ ሥራ ጀመሩ፤ በመጀመሪያው ዓመት ወደ 5800 ጥሪ ተቀበሉ። ሳፋር በያዘው መዝገብ መሠረት በዚያ ዓመት 200 ሰዎች በእነርሱ ምክንያት ከሞት ተርፈዋል።

ነገሩን ከመርፌው አንጻር እንመልከተው። እስከዚያ ጊዜ ደም ሥር መውጋት የሐኪም፣ ቢበዛም የነርስ ሥራ ነበር። በቤልፋስት ፍራንክ ፓንትሪጅ በ1966 ለልብ ሕሙማን የተዘጋጀ መኪና ሲያስወጣ በላዩ የጫነው ሐኪም ነው። ፍሪደም ሃውሶች ግን ራሳቸው ወጉ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በጠባብ ደረጃ፣ በእጅ ባትሪ ብርሃን፣ ጐረቤት እያየ። በሽተኛውን ይዞ ከመሮጥ በፊት ባለበት ማረጋጋት ማለት ይህ ነው። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ጆን ሙን ቆይቶ እንደተናገረው፣ ወደ ሆስፒታል ሲገቡ ነጮቹ ሠራተኞች ወለል ጠራጊዎች ይመስሏቸው ነበር። ወለል ጠራጊ የመሰለው ሰው ግን በሽተኛውን ያስረከበው መርፌው በክንዱ፣ ቱቦው በጉሮሮው ገብቶ ነው።

በኋላ ናንሲ ካሮላይን የምትባል ወጣት ሐኪም የሕክምና ኀላፊያቸው ሆና ተመደበች። ከእነርሱ ጋር በአምቡላንስ እየዞረች ያስተማረችውን ሁሉ ጻፈችው፤ የአሜሪካ መንግሥት ለመላው አገር ያወጣው የፓራሜዲክ ሥርዓተ ትምህርት የተመሠረተው በዚህ ነው። ካሮላይን ቆይታ በእስራኤልና በናይሮቢ በረራ ሐኪሞች ዘንድም ሠርታለች። እንግዲህ ጓደኛችን ያያት ሴት የያዘችው ፈቃድ መነሻው በሂል ዲስትሪክት ሥራ አጥ ተብለው የተጣሉ ጥቁር ወጣቶች ክንድና ጣት ነው።

መጨረሻቸውስ? በ1975 የፒትስበርግ ከተማ የራሱን የአምቡላንስ አገልግሎት አቋቋመና በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ፍሪደም ሃውስን ዘጋ። ሠራተኞቹ ወደ አዲሱ መሥሪያ ቤት እንዲገቡ ካሮላይን ታግላለች፤ ገቡም። ሆኖም ለዓመታት ሲሠሩት በኖሩት ሥራ ላይ አዲስ የጽሑፍ ፈተና ተደነገገ፤ አለቅነቱ ከእነርሱ ያነሰ ልምድ ላላቸው ነጮች ተሰጠ፤ አብረው ሲሠሩ የኖሩት ተበታትነው ቦርሳ ተሸካሚ ሆኑ። ብዙዎቹ ለቀቁ። ጆን ሙን ቀርቶ እስከ ምክትል አለቅነት ደርሶ በ2009 ጡረታ ወጣ። ለረዥም ጊዜ በከተማው ታሪክ ውስጥ ስማቸው አልተጠራም ነበር፤ መጠራት የጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው። ሕንፃውን የሠራውን ግንበኛ በምረቃው ቀን ከበር መመለስ የሚባለው ይህ ነው።

መቅኒው ደግሞ በሌላ መንገድ ተመለሰ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጄምስ ኦርሎውስኪ የሚባል አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም ሕንድ አገር በኮሌራ ወረርሽኝ ጊዜ ፈሳሽ በአጥንት በኩል ሲሰጥ ተመለከተ። ደም ሥር የሚያገኝ በቂ ሰው በሌለበት፣ ሕፃናት በሰዓታት ውስጥ በሚያልቁበት ቦታ፣ የተረሳው ዘዴ በሥራ ላይ ነበር። ኦርሎውስኪ በ1984 ባሳተመው ጽሑፍ ባልደረቦቹን ወቀሳቸው፤ በ1980ዎቹ ማብቂያም ዘዴው በአሜሪካ የሕፃናት ነፍስ አድን ትምህርት ውስጥ ገባ። ከላታ እስከ ኦርሎውስኪ፣ ሐሳቡን ሁለት ጊዜ ከሞት ያስነሣው ኮሌራ ነው። ዕውቀት ሁልጊዜ ከበለጸገው ወደ ድኻው ይወርዳል ብለው ለሚያስተምሩን ፕሮፌሰሮች ይህን እናስታውሳቸዋለን።

የአዋቂ ሰው አጥንት ጠንካራ በመሆኑ መሣሪያ አስፈለገ። በ1990ዎቹ በደረት አጥንት ላይ የሚጫንና በእስራኤል የተሠራ በሞላ የሚወነጨፍ መርፌ መጡ፤ በ2004 ደግሞ ጓደኛችን ያየው ዓይነት ባትሪ የያዘ ትንሽ መሰርሰሪያ በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። ከጉልበት በታች ወይም ከትከሻ አጠገብ ይገባል። መብሳቱ ሳይሆን ፈሳሹ ሲገባ ያለው ሕመም ብርቱ ነውና ነቅቶ ላለ ሰው መጀመሪያ ማደንዘዣ ይሰጠዋል። በተሰበረ አጥንት ላይ አይደረግም፤ ከአንድ ቀን በላይም አይቆይም።

እስከዚህ ድረስ የተረክነው ድል በድል እንዳይመስል ተቃራኒውንም ማቅረብ ይገባናል። መንገዱ መገኘቱ አንድ ነገር ነው፤ በመንገዱ የሚላከው ሌላ ነገር ነው። በ1994 በታተመ የሂዩስተን ጥናት፣ በጥይት ወይም በስለት ሆድና ደረታቸው ከተወጋ 598 ሰዎች መካከል፣ መንገድ ላይ ፈሳሽ ከተሰጣቸው 62 በመቶ ሲተርፉ፣ እስከ ቀዶ ጥገና ክፍል ድረስ ከተነፈጋቸው 70 በመቶ ተርፈዋል። ደሙ በሚፈስበት ቀዳዳ ላይ የጨው ውሃ መጨመር የረጋውን አጥቦ ይወስደዋል። በ2011 የታተመው፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ 3141 በጠና የታመሙ ሕፃናትን የያዘው ጥናት ከዚህ የበለጠ አስደንጋጭ ነበር፤ በትኩሳት የተዳከሙ፣ ተቅማጥ የሌለባቸው ሕፃናት ፈሳሽ በፍጥነት ሲሞላባቸው በሁለት ቀን ውስጥ ከመቶ አሥር የሚያልፉት ሲሞቱ፣ በዝግታ ከተያዙት የሞቱት 7 ነጥብ 3 በመቶ ናቸው። በአውሮፓና በአሜሪካ የተጻፈውን መመሪያ ሳይመረምር የቀዳ የአፍሪካ ሐኪም ስንት ሕፃን እንደጐዳ ማን ይቈጥራል?

መሰርሰሪያውም ራሱ በ2024 ተመዝኗል። በእንግሊዝ ከ6000 በላይ ልባቸው ከሆስፒታል ውጭ የቆመ ሰዎች፣ ገሚሶቹ በመጀመሪያ በአጥንት፣ ገሚሶቹ በክንድ ተሞከሩ፤ ከአንድ ወር በኋላ በሕይወት የተገኙት በአጥንቱ 4 ነጥብ 5፣ በክንዱ 5 ነጥብ 1 በመቶ ናቸው፤ ልዩነት አለ ለማለት የማያስደፍር። በዴንማርክና በታይዋን የተደረጉት ጥናቶችም እንዲሁ ልዩነት አላገኙም። እንግዲህ አጥንቱ ከክንድ አይበልጥም፤ ክንዱ ቶሎ ሲገኝ ክንድ፣ ሳይገኝ ሲቀር አጥንት፤ ነገሩ ይኸው ነው። መሣሪያ ሻጮቹ ይህን አይወዱትም። ለእኛ ግን ጥናቱ ሌላ ነገርም ይነግረናል፤ ከመቶ ዘጠና አምስቱ በሁለቱም መንገድ ሞተዋል። ልቡ ለቆመ ሰው ከመርፌው በፊት ደረቱን የሚጫንለት መንገደኛ ያስፈልገዋል።

ስለ አገር ቤት የተጠየቀው ጥያቄ ይቀራል። ሐኪም ላልሆነ ሰው የሐኪምን ሥራ አስተምሮ መስጠት ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ቁስል የሚያጥበው፣ መርፌ የሚወጋው፣ በብዙ አውራጃ ብቸኛው ሐኪም የነበረው ድሬሰር ነው። በ1954 በጐንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን ያሠለጠነው ሐኪም ስለሌለ ነበር፤ ፒትስበርግ ገና ሰውን በፖሊስ መኪና ስትጭን ማለት ነው። በገጠር ደግሞ ሕዝቡ በዕድሩ ተደራጅቶ በሽተኛን በቃሬዛ እየተቀባበለ ተራራ ሲያሻግር ኖሯል። የጐደለው በቃሬዛውና በጤና መኮንኑ መካከል ያለው ነው፤ የታማሚው ሕይወት በጕዞው ላይ ሳለ የሚጠብቅለት እጅ። በ2008 ክብረት አበበ የተባለ የማደንዘዣ ባለሙያ ቤቱን ሸጦ በአዲስ አበባ ጠብታ አምቡላንስን መሠረተ። በ2010 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር አንበሳ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻላይዜሽን ትምህርት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት በየወረዳው አምቡላንሶች አከፋፍሏል። ሆኖም አምቡላንስ ስንል ብዙ ጊዜ ሾፌርና ወላድ ሴት ያሉበት መኪና ማለታችን ነው። ሾፌሩ ከፊት፣ በሽተኛዋ ከኋላ፤ የ1966ቱ ፒትስበርግ።

ጓደኛችን ይህን ረቂቅ አንብቦ አንድ እርማት አደረገልን። ወጣቱ ተርፎ እንደሆነ ጽሑፋችን አይናገርም፤ መናገርም አይችልም፤ የአምቡላንስ ሰዎች በሽተኛቸውን በር ላይ ካስረከቡ በኋላ ብዙ ጊዜ ወሬ አይደርሳቸውም። እርሱ ራሱ ገና የመውጋት ፈቃድ የለውም፤ ፈተናው በሚቀጥለው ወር ነው። እስከዚያ ድረስ ባትሪውን ያበራል፣ ቦርሳውን ይሸከማል፣ ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ ይይዛል።